ባንዲራው የሁላችን፣ እንጀራው የማን?

(ከመካነ ሰላም)

ነሐሴ 15 ቀን 2008 ዓ.ም. እሑድ ነበረ። በቦረና ነሐሴ ማለት ጉምና ጭቃ ማለት ነው፤ ሰው ከቤቱ የሚወጣው ግድ ሲሆንበት ነው። ያን ዕለት ግን መካነ ሰላም ውስጥ አንዲት ሻይ ቤት እስከ በሯ ድረስ ሞልታ ነበር። የሪዮ ኦሊምፒክ የወንዶች ማራቶን ሊያልቅ ነው። እኔም ጋቢዬን ተከናንቤ ከኋላ ወንበር ላይ ተወሽቄአለሁ።

ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ኬንያዊው ኤሊዩድ ኪፕቾጌ ቀድሞ ገባ። ሁለተኛው የእኛ ነው፤ ፈይሳ ሌሊሳ። 2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ54 ሰከንድ። የሻይ ቤቱ ሰው ለጭብጨባ እጁን አዘጋጅቷል። ይሄኔ ፈይሳ መስመሩን ሲረግጥ ሁለት ክንዶቹን ከራሱ በላይ አንሥቶ አጣመራቸው፤ ልክ እጁ በካቴና እንደተቆለፈ ሰው።

ጎበዝ፣ ማንም አላጨበጨበም! ለአገራችን የብር ሜዳሊያ መጥቶ፣ ለጭብጨባ የተነሣው እጅ ሁሉ ቀስ እያለ ወደ ጉልበት ተመለሰ። ሰው ቴሌቪዥኑን ትቶ እርስ በርሱ ይተያይ ጀመር። ማን ፈገግ አለ? ማን ራሱን ነቀነቀ? ያ በር ላይ የቆመው ሰውዬ የማን ነው? ባለቤቲቱ ሳትጠየቅ ድምፁን ቀነሰችው።

ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ብቻ ምንም አልገባቸውም። «ልጁ እጁን ምን ሆነ?» ብለው ጮክ ብለው ጠየቁ።

«ታሥረናል ማለቱ ነው፣ አባባ» አላቸው አንድ ወጣት በሹክሹክታ።

«ታዲያ ማን አሠረው?»

የሚመልስላቸው ጠፋ። ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ ድረስ ጆሮዬ ላይ አለ። ዛሬ ብዕር ያነሣሁትም ስለ እሱ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ፈይሳ የምዕራብ ሸዋ፣ የጀልዱ ልጅ ነው። በ2008 ዓ.ም. በኦሮሚያ ተቃውሞ ተቀጣጥሎ፣ ሂውማን ራይትስ ዎች በሰኔ ወር ባወጣው ዘገባ ከ400 በላይ ሰው በጥይት መገደሉን ገምቶ ነበር። ሐምሌ 24 ቀን ጎንደር ላይ ሕዝብ ነቅሎ ወጣ፤ ለኦሮሞ ወገኖቹ አጋርነቱን የሚገልጽ መፈክር ጭምር ይዞ። ነሐሴ 1 ቀን ባሕር ዳር ላይ ደም ፈሰሰ። ፈይሳ ሪዮ ላይ ክንዱን ያጣመረው ባሕር ዳር በተለቀሰ በ2 ሳምንቱ ነው። ያቺ ምልክትም የእሱ ፈጠራ አልነበረችም። ሙስሊም ወገኖቻችን «ድምፃችን ይሰማ» ብለው በመስጊድ ግቢ በቆሙባቸው ዓመታት አይተናታል፤ የኦሮሚያ ተማሪዎችም አንሥተዋታል። ፈይሳ ያደረገው ነገር ቢኖር ከመንደር አውጥቶ ዓለም ወደሚያያት አደባባይ መውሰዱ ነው።

ብቻውንም አልቀረም። በሳምንቱ እብሳ እጅጉ በካናዳ የኩቤክ ከተማ ማራቶንን አሸንፎ ያንኑ ደገመ። በአዲሱ ዓመት መግቢያ ላይ ታምሩ ደምሴ በሪዮ ፓራሊምፒክ ማየት በተሳናቸው ወገኖች የ1500 ሜትር ውድድር ሁለተኛ ወጥቶ ክንዱን አጣመረ።

መንግሥትስ ምን አደረገ? በአፉ፣ ይመለስ፣ የጀግና አቀባበል ይጠብቀዋል አለ። በእጁ ግን ሌላ ሠራ። ውድድሩን በቀጥታ ያስተላለፈው የመንግሥት ቴሌቪዥን ያቺን የመጨረሻ ደቂቃ በዜናው መልሶ አላሳየም፤ ስለ ኬንያዊው አሸናፊ ያወራ ነበር። ፈይሳ ራሱ ብመለስ ይገድሉኛል፣ ካልገደሉኝም ያስሩኛል ብሎ ሪዮ ቀረ። ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ያገኘው ከወራት በኋላ፣ በየካቲት 2009፣ አሜሪካ አገር ነው። ለመሆኑ ጀግና ሆኖ የሚጠበቅ ሰው እንዲህ ይሸሻል?

መስከረም 22 ቀን 2009 የእሬቻ ዕለት በቢሾፍቱ የደረሰው እልቂት ደረሰ። በሳምንቱ አስቸኳይ ጊዜ ታወጀ። በጥቅምት የወጣው የኮማንድ ፖስት መመሪያ ከከለከላቸው ነገሮች አንዱ ምን መሰላችሁ? ክንድን ከራስ በላይ አጣምሮ ማሳየት! እስኪ ልብ በሉ። እግዜር ለሰው ልጅ ሁለት ክንድ ሰጠ፤ ባለሥልጣን ተሰብስቦ «እነዚህ ሁለት ክንዶች ከአናት በላይ እንዳይገናኙ» ብሎ መመሪያ አወጣ። የጀግና አቀባበሉ ትርጉም ያኔ ተገለጠ።

ይህን ባነሣ ቁጥር የሚመጣልኝ መልስ አንድ ነው፤ «ስፖርትና ፖለቲካ አይቀላቀሉም» የሚል። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴም በቻርተሩ ደንብ 50 ላይ ያሰፈረው ይህንኑ ነው። ጥሩ። እኔ የምጠይቀው ግን ማን ነው ቀድሞ የቀላቀላቸው ብዬ ነው።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሻምበል አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲሮጥ፣ ፍጥነቱን ለመጨመር ምልክት ያደረገው ፋሺስት ኢጣሊያ ዘርፎ የወሰደውን የአክሱም ሐውልት ነበር። ይህን ታሪክ ለልጆቻችን የምናስተምረው በኩራት ነው። ፖለቲካ የለበትም ይባል ይሆን?

በ1968 ዓ.ም. የሞንትሪያል ኦሊምፒክ ሲደርስ ደርግ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ጋር ሆኖ ቀረ። ምክንያቱ የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ወደ ዘረኛዋ ደቡብ አፍሪካ መሄዱ ነው፤ ምክንያቱን አልነቅፍም። ግን ምሩጽ ይፍጠርን ማን አማከረው? በ1976 ከሶቪየት ኅብረት ጋር አብረን ሎስ አንጀለስን ተውን። በ1981 መግቢያ ላይ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወግነን ሴኡልን ተውን። ያን ጊዜ በላይነህ ዲንሳሞ በሚያዝያ 1980 ሮተርዳም ላይ 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ሮጦ የዓለምን የማራቶን ክብረ ወሰን የያዘ ሰው ነበር። የዓለም ፈጣኑ ማራቶን ሯጭ አገሩ ተቀምጦ ኦሊምፒክን በወሬ ሰማ! የሯጩን እግር ለፖለቲካ ማሠር ሲፈቀድ፣ ሯጩ በገዛ ክንዱ ሐሳቡን ሲገልጽ ነው ነውር የሚሆነው?

ነሐሴ 1 ቀን 1984 ባርሴሎና ላይ ደራርቱ ቱሉ 10 ሺህ ሜትር አሸንፋ ከነጯ ደቡብ አፍሪካዊት ከኤላና ሜየር ጋር እጅ ለእጅ ተያይዛ ሜዳውን ዞረች። ከዚያ የበለጠ ፖለቲካዊ ምልክት ከየት ይመጣል? ዓለም ግን አለቀሰ፣ አጨበጨበ። እንግዲያው ነገሩ ግልጽ ነው። ባለሥልጣኑን ደስ ያሰኘ ምልክት ታሪክ ይባላል፤ ያላስደሰተው ፖለቲካ ይባላል።

አንድ ነገር ደግሞ እንዳንረሳ። የእኛ አገር አትሌት ሠራተኛ ነው። ስንቱ ሯጭ ነው በመከላከያ፣ በኦሜድላ፣ በማረሚያ ቤቶች፣ በንግድ ባንክ፣ በመብራት ኃይል ክለብ ደመወዝ እየተቆረጠለት ያደገው? ክለቡ የመንግሥት፣ ፌዴሬሽኑ በመንግሥት ዓይን ሥር፣ ፓስፖርቱ ከመንግሥት። ፈይሳ ክንዱን ያጣመረው በሥራ ቦታው፣ በሥራ ሰዓቱ፣ የአሠሪውን ማልያ ለብሶ ነው። ስለዚህ ጥያቄው የሁላችንም ነው፤ የመምህሩ፣ የነርሷ፣ የባንክ ገንዘብ ያዡ፣ የቀበሌ ጸሐፊው። ሰው ሥራ ቦታው ላይ ሲደርስ አመለካከቱን በር ላይ ከጃንጥላው ጋር አስቀምጦ ይግባ ወይ?

ፈይሳ ሪዮ ላይ ክንዱን ባጣመረበት በዚያው ነሐሴ፣ አሜሪካ ውስጥ ኮሊን ኬፐርኒክ የሚባል የሳንፍራንሲስኮ ቡድን ተጫዋች ብሔራዊ መዝሙር ሲዘመር አልነሣም ብሎ ተቀመጠ፤ ቆይቶም መንበርከክ ጀመረ። ፖሊስ ጥቁሮችን ይገድላል ነው ያለው። መንግሥት አላሠረውም፤ የአገሪቱ ሕገ መንግሥት አያስችለውም። በ2009 ዓ.ም. ውሉ ካበቃ በኋላ ግን አንድም ቡድን አልቀጠረውም። እንጀራው ተዘጋ። ከዚያ በፊት በጥቅምት 1961 ሜክሲኮ ላይ ቶሚ ስሚዝና ጆን ካርሎስ መዝሙሩ ሲዘመር ጥቁር ጓንት ያጠለቀ ጡጫቸውን አንሥተው ከኦሊምፒኩ መንደር ተባርረዋል። በዚያው ኦሊምፒክ ከ4 ቀን በኋላ የእኛው ማሞ ወልዴ ማራቶኑን አሸነፈ። ስሚዝና ካርሎስ ዛሬ በተማሩበት በሳን ሆዜ ዩኒቨርሲቲ ሐውልት ቆሞላቸዋል፤ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ግን ሥራ አጥተው የተንገላቱ ሰዎች ናቸው።

በሉ እንግዲህ አወዳድሩ። አሜሪካ ውስጥ መንግሥት አይቀጣህም፤ የግል አሠሪህ ግን ሊቀጣህ ይችላል። አንዱ ቢያባርርህ ሌላ በር አንኳክተህ ትሞክራለህ። እዚህ እኛ አገር ትልቁ አሠሪ ራሱ መንግሥት ነው። በተለይ እንደ መካነ ሰላም፣ እንደ አቀስታ፣ እንደ ከላላ ባለ ከተማ የተማረ ሰው ከመንግሥት በቀር የት ይቀጠራል? አለንጋውና የእንጀራው ሞሰብ በአንድ እጅ ተይዘዋል። እስር ቤት ማስገባት እንኳ አያስፈልግም፤ ሞሰቡን ትንሽ ራቅ ማድረግ ይበቃል።

ይህን ስል እኔ ማነኝ? ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። ያለ እፍረት ልናገረው።

እኔ በአንድ ዕድሜ ሦስት ብሔራዊ መዝሙር የዘመርኩ ሰው ነኝ። በልጅነቴ የንጉሡን ዘመርኩ። ጎልማሳ ስሆን የደርግን ዘመርኩ፣ ለተማሪም አስጠናሁ። ከ1984 ወዲህ ሦስተኛው መጣ። የቆምንበት ሜዳ አልተለወጠም፤ አጠገቡ ያለው ባሕር ዛፍ እንኳ ያው ነው።

በ1978 ዓ.ም. በቦረና በአንድ ትምህርት ቤት መምህር ነበርኩ። አንድ ቀን ጧት ተረኛ ሆኜ ሰልፉን ስቃኝ፣ አንድ የ7ኛ ክፍል ልጅ መዝሙሩ ሲዘመር አፉን ገጥሞ ቆሟል። አላሾፈም፣ አላወራም፤ ዝም ብሎ መሬት መሬት ያያል። ከአጥሩ ማዶ ደግሞ የፓርቲው ተወካይ ቆመዋል። ልጁን አየሁ፤ እሳቸውን አየሁ። 230 ብር ደመወዜ ትዝ አለኝ፤ ያን ጊዜ አዲስ አግብቻለሁ።

«ና ውጣ! ተንበርከክ!» አልኩት።

ጠጠሩ ላይ፣ ከባንዲራው ሥር፣ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ እስኪያልቅ ተንበረከከ። ሲነሣ ጉልበቱ ደምቶ ነበር። አላለቀሰም። ምንም አላለኝም። ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው የሰማሁት፤ ታላቅ ወንድሙ በብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ተወስዶ መርዶው ቤታቸው የደረሰው በዚያው ሳምንት ነበር። ያ ልጅ አገሩን ጠልቶ አይደለም። ወንድሙን ለባንዲራው ሰጥቶ፣ የሚዘምርበት ጉሮሮ አጥቶ ነው። እኔ ደግሞ ለእንጀራዬ ፈርቼ አንበረከክሁት። ኬፐርኒክ ተንበርክኮ ዓለምን ሲያስነሣ ባየሁ ጊዜ ወደ ራሴ የመጣው የዚያ ልጅ ጉልበት ነው።

አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1943፣ በዚያ ሁሉ የዓለም ጦርነት መካከል፣ ልጆቻቸው ግንባር እየወደቁ ሳለ፣ የጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ተማሪ ለባንዲራ ሰላምታ እንዲሰጥ አይገደድም ብሎ ፈርዷል። ጦርነት አለብን፣ ጊዜው አይደለም አላሉም። እኛ ዘንድ ግን «ጊዜው አይደለም» የማይባልበት ጊዜ መቼ ነው የነበረው?

ግፍ ተራ ይጠብቃል ይባል የለ? ደርግ ወድቆ ኢሕአዴግ ገብቶ፣ በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ የግምገማው ዘመን መጣ። አንድ ቀን መድረክ ላይ ቁጭ ብዬ ስሜ ተጠራ። «አንድ ጓድ ላይ የታየ ችግር አለ፤ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል አፉ አይንቀሳቀስም፤ የድሮው ሥርዓት ናፋቂ ነው» ተባለ። እውነቱን ልንገራችሁ? አዲሱን መዝሙር ገና አላጠናሁትም ነበር! ሦስተኛዬ ነው፤ ሰው በዕድሜው ስንት መዝሙር ነው በቃሉ የሚይዘው? ይህን ብናገር ሳቁብኝ፤ ሂስህን ዋጥ አሉኝ። ዋጥሁ። በወሩ ከደጋ ወደ ቆላ፣ ወደ አባይ በረሃ አፋፍ ተዛወርሁ። ለወራትም ደመወዜ በወረቀት መጥፋት ሰበብ ቆየ። ሚስቴ በሽሮና በብድር ልጆቼን ያሳደገችው ያኔ ነው። የቆላው ፀሐይ ሲያቃጥለኝ «ይበለኝ» አልኩ። ያ ልጅ ፊቴ ላይ ነበር።

የእኔ እንኳ ቀላሉ ነው። በ1985 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ40 በላይ መምህራን በአንድ ጊዜ ተባርረዋል። ከእነሱ አንዱ ስንቱን ሕይወት በቢላቸው ያዳኑት ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ነበሩ። የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር ፕሬዚዳንት ዶክተር ታዬ ወልደሰማያት በ1988 ታሥረው በ1991 ለ15 ዓመት ተፈረደባቸው፤ በ1994 ይግባኙ ቅጣቱን ወደ 5 ዓመት ዝቅ አድርጎት ወጡ። የማኅበሩ ባልደረባ አቶ አሰፋ ማሩ ሚያዝያ 30 ቀን 1989 ጧት ወደ ሥራቸው በእግራቸው ሲሄዱ አዲስ አበባ ላይ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። ወደ ሥራ ሲሄዱ! ይህ ሁሉ አለፈ እንዳንል፣ በግንቦት 2017 የሕክምና ባለሙያዎች ደመወዛችን ልጅ አያበላም ብለው ሥራ ሲያቆሙ በርካቶቹ ታሥረዋል። የሆድ ጥያቄ ሳይቀር ፖለቲካ ተብሎ ተፈረጀ።

ሕጉማ ቆንጆ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ማንም ሰው ያለ ጣልቃ ገብነት የመሰለውን አመለካከት መያዝ ይችላል ይላል። አንቀጽ 25 ሰው በፖለቲካ አመለካከቱ እንዳይለይ ይከለክላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 26 ሠራተኛን በፖለቲካ አመለካከቱ ማሰናበት ሕገ ወጥ ነው ብሎ በግልጽ ጽፏል፤ ከእሱ በፊት የነበረው የ1996ቱ አዋጅ ቁጥር 377ም ይህንኑ ይላል። ታዲያ ማን ነው «በአመለካከትህ አባረርንህ» ብሎ ደብዳቤ የሚጽፍልህ? «በመዋቅር ለውጥ» ይልሃል። «በሥራ አፈጻጸም ማነስ» ይልሃል። «ለሥራው ጥቅም ተዛውረሃል» ይልሃል። ሕግ የሚያነበው ደብዳቤውን ነው፤ ሰው የሚያውቀው ምክንያቱን ነው።

«ታዲያ ሁሉም በሥራ ቦታው የልቡን ይጩህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቀኝ አለ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። አልልም። መምህር ክፍል ገብቶ ለልጆች የፓርቲ ቅስቀሳ ሊያደርግ አይገባም፤ ተማሪው ውጤቱን የሚይዝበትን ሰው ሊከራከረው አይችልምና። ዳኛ ችሎት ላይ ወገንተኝነቱን ሊያሳይ አይገባም። ሐኪም በሽተኛውን በብሔሩ ወይም በአመለካከቱ ለይቶ ሊያክም አይገባም። የሥራውን ሚዛን የሚያዛባ ንግግር ገደብ አለው፤ ገደቡ ግን ገዢውን ፓርቲ ለሚያወድሰውም ለሚነቅፈውም እኩል ይሁን! በስብሰባ ላይ ድጋፍ መስጠት «ተሳትፎ»፣ ዝምታ ደግሞ «ጥርጣሬ» የሚሆንበት መሥሪያ ቤት ገለልተኛ አይደለም።

ፈይሳ ደግሞ ምን አዛባ? 42 ኪሎ ሜትር ሮጠ፣ ሥራውን ጨረሰ፣ ሜዳሊያውን አመጣ። ማንንም አልሰደበም፣ መዝሙሩን አላቋረጠም፣ ሰው አልገፋም። ኦሊምፒክ ኮሚቴው እንኳ ሜዳሊያውን አልነጠቀውም። ኮሚቴው ራሱ በ2013 ዓ.ም. ደንቡን ጥቂት አላልቶ፣ አትሌት ውድድር ከመጀመሩ በፊት ሜዳ ላይ ሐሳቡን በምልክት መግለጽ እንዲችል ፈቅዷል፤ የሽልማቱን ሰገነት ግን እስካሁን ዘግቷል።

ስለ ማስገደድ ደግሞ ወሎን ጠይቁ። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ማግሥት የወሎ ሙስሊም ሃይማኖቱን እንዲለውጥ በአዋጅ ሲገደድ ምን ሆነ? ሼህ ጠልሃን ተከትሎ የሸፈተው ሸፈተ። የቀረው ቀን ክርስቲያን ማታ እስላም ሆኖ ኖረ። አዋጁ ሰውን አልለወጠም፤ ሁለት ፊት እንዲኖረው አስተማረው። ዛሬ ወሎ በአንድ ቤት ሙስሊምና ክርስቲያን አብረው የሚኖሩበት አገር ነው ብለን የምንኩራራው አዋጁ ስላሸነፈ አይደለም፤ ሕዝቡ አዋጁን ትቶ በራሱ መንገድ ስለተቻቻለ ነው። በግድ የተዘመረ መዝሙርም እንዲሁ ነው። በሰልፍ ላይ አፉን የሚያንቀሳቅስ፣ ቤቱ ገብቶ የሚረግም ዜጋ ያፈራል። ያች ሻይ ቤት ለአገሯ ሜዳሊያ ማጨብጨብ የፈራችው ለዚህ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን፣ ወደ ተቃዋሚው ጎራ ልምጣ፤ ይህን የማነብበው ሰው ይቆጣኝ ይሆናል። ፈይሳ ጥቅምት 11 ቀን 2011 በክብር አገሩ ገባ። ከ2 ዓመት በፊት ክንዱን ሲያጣምር ጀርባቸውን የሰጡት ሁሉ ቦሌ ላይ አበባ ለመያዝ ተሽቀዳደሙ። እኔም ደስ አለኝ፤ እውነት ተምረናል ብዬ ነበር። አልተማርንም። ከዚያ ወዲህ በእያንዳንዱ ግጭት የምናየው ምንድን ነው? የእኛ ወገን ክንዱን ሲያነሣ ጀግና፣ የሌላው ሲያነሣ ባንዳ። የእኛ ሰው ከሥራ ሲባረር «ግፍ» እንላለን፤ የሌላው ሲባረር «ይገባዋል» ብለን ዝርዝሩን የምናቀብለው እኛው ነን። በየመሥሪያ ቤቱ የባልደረባውን የማኅበራዊ ሚዲያ ጽሑፍ ፎቶ አንሥቶ ለአለቃ የሚያሳየው ካድሬ ብቻ ነው? አይደለም፤ የሻይ ጓደኛውም ነው። መብት የምትፈተነው በማትወደው ሰው ላይ ነው። ለወዳጅህ ብቻ የምትጠይቃት ከሆነች መብት አትባልም፤ ውለታ ናት።

እንግዲህ የምጠይቀው ጥቂት ነው። በየትምህርት ቤቱ ባንዲራ ሲሰቀል ቆሞ ዝም ያለ ልጅ አይንበርከክ፤ ካስፈለገ መምህሩ ቀርቦ «ምን ሆንክ፣ የኔ ልጅ?» ይበለው። እኔ ያን አንድ ጥያቄ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ያን ልጅ አቅፌ አለቅስ ነበር። የሠራተኛ ግምገማ በሠራው ሥራ ይሁን፤ በአፉ እንቅስቃሴ አይሁን። የተዛወረ ወይም የተሰናበተ ሰው ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቅ፣ ፍርድ ቤትም ከደብዳቤው ጀርባ ያለውን ይመርምር። አትሌቱም ክለቡን ሳይፈራ ይሩጥ፤ ፌዴሬሽኑም ልጆቻችንን ከውድድር በኋላ ለሚናገሩት ቃል ጠበቃ ይሁናቸው እንጂ አሳዳጅ አይሁን።

በመካነ ሰላም የማልጠግበው አንድ ነገር አለ። ጧት ባንዲራ ሲሰቀል ወደ ገበያ የሚሄደው ገበሬ አህያውን ያቆማል። ማንም አላዘዘውም፤ ደመወዝ የለው፣ ግምገማ የለው። በትሩን ተደግፎ ባርኔጣውን አውልቆ ይቆማል። መዝሙሩን ግን አይዘምርም፤ ምናልባት አያውቀውም። ከሱ በላይ ባንዲራውን የሚያከብር ግን አላየሁም። ማንም ያላስገደደው አክብሮት ያ ነው። የከተማችንን ስም የሰላም ሥፍራ ያሏት አባቶች ያንን አስበው ይሆናል።

ያ የ7ኛ ክፍል ልጅ ዛሬ በሕይወት ካለ ከሃምሳ ዓመት አልፎታል። ምናልባት ይህ ጋዜጣ እጁ ይገባ ይሆናል። ወንድሜ፣ ያን ቀን ያንበረከክሁህ አገሬን ወድጄ አልነበረም፤ እንጀራዬን ፈርቼ ነው። ይቅር በለኝ። ለዚያ ሽማግሌ ጥያቄም መልሱ ይኸው ነው፤ ያሠረን የእንጀራ ፍርሃት ነው፣ አባባ፤ ገመዱን ከያዙት ውስጥ አንዱ እኔ ነበርኩ።

ቸር ይግጠመን።